ከአንቀልባ የሚሾልክ ልጅ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሐኪም ፊት ነበርን። የእኅቴ ልጅ ብርቱካን ወንድ ልጇን ከአንቀልባ ስታወርደው የቆዳው ሽታ አፍንጫዬ ገባና ዕረፍት ነሣኝ። ልጁ ስድስት ወር ሞልቶት አንገቱን አላቀናም።

ሐኪሙ "በዘራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ?" ሲል ጠየቀ።

"ጋሼን ይጠይቋቸው። ዘራችንን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው" አለች ብርቱካን።

እውነቷን ነው። ፊደል ብቻዬን የቆጠርሁ፣ ሰባት ቤት ትውልድ ሳልደናቀፍ የምጠራ ሰው ነኝ። ስትታጭም በሽማግሌዎች ፊት "በዘራችን እንከን የለም" ያልሁት እኔ ነኝ። ባሏ አሁን አጠገቤ ቆሟል።

ታናሽ ወንድሜ ግን እናቴ ስታዝለው በጎን ይሾልክ ነበር። እግሮቹ ወገቧን አይዙም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ ከቁርበት ቁራጭ የአንገት መደገፊያ ሰፋሁለት። የአባቴ እኅት ስፌቱን ዳሰስ አድርጋ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ "ያንቺም ወንድም እንዲሁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር" አለቻት።

"ዝም በይ፣ ልጁ ይሰማል" አለች እናቴ።

እኔ ምርቃቱን ብቻ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ወንድሜ ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

"ነበሩ" አልሁት። "ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በእኛ ወገን።"

የብርቱካን ባል ወደ እሷ ዞረ።

"እሷን አትይ" አልሁት። "የደበቅሁህ እኔ ነኝ።"