ስም ያልተሰጣት ወፍ

አቃቂ ውስጥ፣ ከተዘጋው ክር ፋብሪካ ጀርባ፣ ሐዲድ የሌለው የሐዲድ መንገድ አለ። ብረቱ ተነቅሎ ከተጫነ ቆይቷል፤ ጠጠሩ ግን እንደተነጠፈ ነው። ባጃጆች ይንገጫገጩበታል። ዝናብ ሲጥል ከጠጠሩ ሥር የድሮ ዘይት ይወጣና ኩሬው ላይ በቀስተ ደመና ቀለም ይንሳፈፋል። ፀሐዩ በዚህ መንገድ ዳር፣ ለፋብሪካው ሠራተኞች ከተሠሩት ረድፍ ቤቶች በአንዱ ይኖራል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠጠሩ ላይ ሲሄድ ያየው ሰው ቆም ብሎ ያስተውለዋል፤ እርምጃው ሁሉ እኩል ነው፣ አንዱ ካንዱ በጣት እንኳ አይበልጥም። ሐዲዱን ተሸክመው የነበሩት እንጨቶች ከተነሱ ስንት ዘመናቸው ነው፣ የሱ እግር ግን ዛሬም ከእንጨት ወደ እንጨት ይረግጣል።

ሥራው ፉርጎ ማገናኘት ነበር። ከትልቁ መስመር ተገንጥላ ወደ ፋብሪካው ግቢ የምትገባ አንዲት ሐዲድ ነበረች፤ በሷ ላይ ጥጥ የጫኑትን ፉርጎዎች እየገፉና እያቆላለፉ የሚያሰልፉ ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በሁለት ፉርጎዎች መሀል ገብቶ ሰንሰለቱን ይቆልፋል። ነጂው አያየውም። ስለዚህ መሀል ያለው ሰው ያፏጫል፣ ጥግ ላይ የቆመው ጓደኛው ደግሞ ፉጨቱን ሰምቶ ለነጂው ባንዲራ ያሳያል። ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ከሆነ "ግፋ" ነው። አንድ ረጅም ብቻ ከሆነ "ቁም"። ሁሉም የሚያፏጨው በባዶ ከንፈሩ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ቅላፄ ስላለው ማን እንዳፏጨ ፊቱን ሳያዩ ይታወቃል።

ችግሩ ወፎቹ ነበሩ።

በአጥሩ ጥግ ባለው ጥድና ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ወፎች አሉ፤ ደረታቸው እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ፣ ራሳቸው ጥቁር፣ ከዓይናቸው በላይ በኖራ የተሰመረ የሚመስል ነጭ ቅንድብ ያላቸው። ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ይዘፍናሉ። የራሳቸውን ዜማ ይጀምሩና የሌላ ወፍ ዜማ ያስገቡበታል፤ ሰው ሲያፏጭ ከሰሙ ደግሞ የሰውን ይወስዳሉ። ስለዚህ በሰባቱ ሰዎች ዘንድ አንድ ሕግ ነበር። ፉጨቱን ወፍ የወሰደችበት ሰው፣ ወይም ስትወስድ የሰማ ማንም ሰው፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ለሁሉም ይናገራል። ባለቤቱ አዲስ ፉጨት ያወጣል። ወፏ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰውየው ስም ትጠራለች፦ የበቀለ ወፍ፣ የደርዊሽ ወፍ። ስም የወጣላት ወፍ ብታፏጭ ማንም አይታዘዛትም።

"አንተ እዚህ ትለፋለህ፣ ሌላው ደርዊሽ ጥድ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል" ይሉት ነበር ደርዊሽን። ደርዊሽም ቀና ብሎ ወደ ጥዱ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ና ውረድና አግዘኝ" ይል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሶሊያና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተርና ስልክ ይዛ ወደ ረድፍ ቤቶቹ መጣች። ሰዎች ወፎችን በምን ስም እንደሚጠሩ ትሰበስብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ አስቀመጣት።

"ሳሪስ አቦ ሦስት ቀን ዞርኩ፣ ጋሼ" አለች። "ዋኔን፣ ቁራን፣ ድምቢጥን ይነግሩኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ 'ያቺ ወፍ' ነው።"

"እና ምን አጠፉ?"

"ምንም አላጠፉም። አስተማሪዬ ግን 'ያቺ ወፍ' ብዬ ባቀርብ አይቀበለኝም።"

ፀሐዩ ሳቀ፤ ከሳቀ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ስለ ፉጨቱ ሕግ አጫወታትና የነዚያን ወፎች ስም አንድ በአንድ ነገራት። በቀለ፣ ደርዊሽ፣ ዘአማኑኤል፣ ኡመይር፣ ሰይፈሥላሴ፣ የራሱንም ስም ጨመረ። ልጅቷ መጻፏን ትታ አፍጥጣ አየችው።

"ይገርማል" አለች ቀስ ብላ። "በእንግሊዝ አገር ደረቷ የቀላ ትንሽ ወፍ አለች። ጥንት ስሟ 'ቀይ ደረት' ብቻ ነበር። ሰዎቹ ለመዷትና የሰው ስም አወጡላት፣ ሮቢን አሏት። ሮበርት የሚባለውን ወንድ ልጅ ሲያቆላምጡ ነው ሮቢን የሚሉት። በኋላ ባሕር ተሻግረው አሜሪካና አውስትራሊያ ሲሄዱ፣ እዚያም ደረቱ የቀላ ወፍ ባዩ ቁጥር ሮቢን አሉት። ወፎቹ ግን ዘመዳሞች አይደሉም።"

"አገራቸው ናፍቋቸው ነዋ" አለ ፀሐዩ።

ሶሊያና ደብተሯን ተመለከተች። "ሰባት ነበርን ብለውኛል። ስድስት ስም ነው ያለኝ።"

"ሰባተኛው ወፍ የለውም።"

ይህን ሲል ዓይኑን ወደ ጎረቤቱ መስኮት ጣል አደረገ። መስኮቱ ገና ክፍት ነበር። የዚያ ቤት ባለቤት አስቴር ናት፣ የሰባተኛው ሰው የሶሬሳ ሚስት። ሶሬሳ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። አስቴር ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል መስኮቷን ትዘጋና ሬዲዮኗን እስከ ጥግ ትከፍታለች። ሰፈሩ የምትወደው ዝግጅት አለ ብሎ ያምናል።

ፀሐዩ ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። የምትሸሸውን ነገር እሱም ይሰማዋል።

ያን ቀን አስቴር ሬዲዮኑን ከመክፈቷ በፊት ወፏ ጀመረች። ከቁጥቋጦው ውስጥ ማንም በማይታይበት ቦታ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ ጥርት ያለ የሰው ፉጨት። ቀጥሎ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ሌላ ረጅም ፉጨት ተጀመረና መሀሉ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ወፏ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ።

ሶሊያና ስልኳን ወደ ቁጥቋጦው ዘርግታ ቀዳችው።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እዚህ ጋ የምታቆመው?"

ፀሐዩ ወደ አስቴር መስኮት አየ። ሶሊያና ቀጠለች።

"እናንተ ስትሠሩ የነበሩት ወፎች ሞተዋል። ዕድሜያቸው አጭር ነው። ይህቺ ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ ተምራው ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ያፏጨውን ሰው አላየችውም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብዙ ጊዜ ሳይሰሙት ደግሞ አይማሩትም ይባላል። ስንት ጊዜ ተፏጭቶ ነው?"

"መጨረሻው?" አለ ፀሐዩ። "አንድ ጊዜ።"

ልጅቷ ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ የቀዳችውን ከፈተች። እንደገና ከፈተች። ድምፁ ከስልኩ ሲወጣ ከወፏ ይልቅ ሰው ይመስል ነበር።

የአስቴር በር ተከፈተ። ነጠላዋን አንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ ጥላ ነበር የወጣችው።

"አጥፊልኝ እሱን ነገር፣ ልጄ።"

ሶሊያና ደንግጣ አጠፋችው። "ይቅርታ፣ እትዬ። የወፎች ስም እየሰበሰብኩ ነው። ይህቺን ያውቋታል?"

አስቴር በሩን ተደግፋ ቆመች። አልተቆጣችም፤ የደከማት ትመስል ነበር። "ለሷ ስም የለኝም" አለች። "የባሌ ድምፅ ናት፣ ሌላ ምን ልበልሽ? የሞተ ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር። ቁርሱን ሳይበላ ወጣ። ልቡ እኔ ጋ ስለቀረ ነው 'ቁም' ማለት ሲገባው 'ግፋ' ብሎ ያፏጨው። እሷ ማታ ማታ እሱን ነው የምታስታውሰኝ። ልጄን ነቢዩንም 'ሞቱን ራሱ ያፏጨው ሰውዬ ልጅ' እያሉ ነው ትምህርት ቤት ያሳቀቁት።"

ፀሐዩ የጠቡን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቶ አያውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለአስቴር ጣራ ጠግኗል፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሟል፣ ነቢዩ ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት ወስዷል። ሰፈሩ እንደ ፀሐዩ ያለ ጎረቤት የለም ይላል። እሱም የሚችለውን እየከፈለ ያለ ይመስለው ነበር። ይህቺ ሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ስትኖር እንደነበረ ግን አላሰበውም።

ተነሣ። "አስቴር" አለ። "ሶሬሳ አልተሳሳተም።"

አስቴር ከተደገፈችው በር ቀና አለች።

"ሶሬሳ ይፎክር ነበር። 'የኔን ፉጨት ወፍ ቀርቶ ሰይጣንም አይችለውም' ይል ነበር፣ ታስታውሺያለሽ። በሞተበት ሳምንት፣ ሰኞ ማታ፣ አንዷ የሱን ፉጨት ስታፏጭ ሰማሁ። ቁርጥ እሱን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት መናገር ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠጅ ቤት ሁሉም ባለበት አወጣበትና እንስቃለን ብዬ ያዝኩት። ሐሙስ እሱ መሀል ገብቶ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ነኝ። 'ግፋ' የሚል ሰማሁ፣ ባንዲራዬን አነሣሁ። ወፏን ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ አጥሩ ሽቦ ላይ ቁጭ ብላ ጅራቷን ታወዛውዛለች። ፉርጎው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሶሬሳ 'ቁም' ብሎ አፏጨ። አልጨረሰውም።"

ከዋናው መንገድ የታክሲ ረዳት "ቃሊቲ፣ ቃሊቲ" ሲል ይሰማ ነበር። ወፏም ዝም ብላለች።

"የአደጋው አጣሪዎች ሲጠይቁኝ ፉጨት ሰማሁ አልኳቸው። የማን ነው አሉኝ። የሶሬሳ ነው አልኩ። በሳምንቱ ወፏ ሁለቱንም አንድ ላይ ማፏጨት ጀመረች፣ የራሷንም የሱንም። ማንም ልብ ብሎ ቢሰማት ይገባው ነበር። የገባኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ።"

አስቴር ወደ ሶሊያና እጇን ዘረጋች። "ክፈቺው።"

ልጅቷ ከፈተችው። አስቴር ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች፤ ሁለቱን አጭር፣ አንዱን ረጅም፣ ዝምታውን፣ የተቆረጠውን።

"ይሄ መጨረሻው የሱ ነው?"

"የሱ ነው። የፊተኛው የወፏ ነው።"

"ቁም እያለ ነው?"

"ቁም እያለ ነው።"

ደግማ ከፈተችው። ሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው። ሶሊያና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር፤ አስቴር ግን አላለቀሰችም። ስልኩን መለሰችና ፀሐዩን ከእግር እስከ ራሱ፣ አዲስ የመጣ ተከራይ እንደምታይ ሰው፣ ተመለከተችው።

"ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው" አለች።

"አዎ።"

"መስኮቴን ስዘጋ ትሰማለህ።"

"ሁልጊዜ እሰማለሁ።"

ፀሐዩ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ጻፊው እንግዲህ። ሰባተኛዋ የሶሬሳ ወፍ ናት።"

"አትጻፊው" አለች አስቴር።

ሶሊያና እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

"ያኔ ብታወጣው ሰው ያድን ነበር" አለችው አስቴር። "አሁን ማንን ልታድንበት ነው?"

ፀሐዩ ወደ ቤቱ ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ። አስቴር ግን ቀድማ በሩ ላይ ቆመችበት።

"ነቢዩን ሰርቪሱ ከቂሊንጦ አሁን ያወርደዋል። አርባ ሊሆነው ነው፣ አንድም ቀን የአባቱን ስም ቀና ብሎ ሲጠራ አልሰማሁትም። ለኔ እንደነገርከኝ ለሱም ትነግረዋለህ። ጠጅ ቤቱንም፣ ባንዲራውንም፣ ለአጣሪዎቹ ያልከውንም። ምንም ሳትቀንስ።"

"ሊመታኝ ይችላል።"

"ይችላል።"

አስቴር አግዳሚው ላይ፣ ፀሐዩ ተነሥቶበት በነበረው ቦታ፣ ተቀመጠች። ሶሊያና ልሂድ ወይስ ልቆይ ብላ ስትቁነጠነጥ አስቴር ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ትንሽ ቆይቶ የሰርቪሱ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ወፍራም ሰው የምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ጠጠሩ ላይ መጣ። ከሩቅ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣ።

"ጋሽ ፀሐዩ፣ እንዴት ዋሉ? ምነው ቆመው?"

ፀሐዩ ባርኔጣውን አወለቀ። "ነቢዩ" አለ፣ "ስለ አባትህ የምነግርህ ነገር አለ።"