የጋሽ ዘውዴ ሁለተኛ ቁልፍ

ካዛንቺስ ጎረቤታችን ከሆኑት ከጋሽ ዘውዴ፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጠውን የቤት መኪናቸውን ከገዛሁ ወር አልሞላኝም። ያለኝን ሁሉ ጨርሼባታለሁ፤ አራቱንም ጎማ እንኳን በአዲስ ቀይሬላታለሁ። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ አልነሳ አለችኝና ካንዴላ ልገዛላት ሄድኩ። ስመለስ የለችም።

ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። እዚያው ሎሚ የምትሸጥ ሴትዮ፣ «አንድ ሽማግሌ ናቸው የወሰዷት። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው አንዴ ነካ ሲያደርጓት ተነሳች» አለችኝ።

ለእኔ ጠዋቱን ሙሉ እምቢ ያለችው! ሽማግሌ ስትለኝ ግን ገባኝና ካዛንቺስ ድረስ ሮጥኩ። መኪናዬ ድሮ በምትቆምበት ግቢ ታጥባ ቆማለች። ተመስገን ብዬ አጥሩን ተደገፍኩ። ልጃቸው በሩ ላይ ጠበቀችኝና፣ «አባዬ መሸጧን ረስቶ ነው። አንድ ቁልፍ እሱ ጋ ቀርቶ ኖሯል፤ እባክህ አትቆጣው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጋሽ ዘውዴ የመወልወያ ጨርቃቸውን እንደያዙ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናዬን ሌባ ወስዷት ስታዲየም ጋ አገኘኋት እኮ።»

«እንኳን ተገኘች፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር።

«ሌባው ግን ጨዋ ሰው ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። «አራቱንም ጎማ በአዲስ ቀይሮልኛል።»