የእስከዳር ሦስተኛው ፍተሻ

እስከዳር አካለ ወልድን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለ እሷ ሳወራ ጉራ ይቀናኛልና ከወዲሁ ቻሉኝ።

በ2006 ዓ.ም. ሦስት ሆነን በአንዲት ጠባብ ቢሮ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ጋሽ መንበሩ አለቃችን ናቸው፤ እኔ፣ ድረስ የምባለው፣ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ፤ እስከዳር የጻፍኩትን ትፈትሻለች። እንጀራዋ የእኔን ስህተት መልቀም ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ የያዝነው ሥራ ቁይ ከተማ ላለ አንድ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ነው። የሕመምተኛው ስም ከላይ ይጻፋል፤ የማይስማማው መድኃኒት ካለ ከስሙ ሥር በቀይ ይወጣል። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት የምታየው ያንን ቀይ መስመር ነው።

ርክክቡ አንድ ቀን ሲቀረው ጋሽ መንበሩ “ስሙ ጎላ ብሎ ይታይ” አሉ። ፊደሉን አሳደግሁት። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ራሱ ገጹን እየከፈተ፣ ራሱ እየጻፈ የሚፈትንበትን ፕሮግራሜን ለቀቅሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ፍተሻ አረንጓዴ ሆነ፤ ሁሉም አለፈ ማለት ነው። እስከዳርም እንደ ነርስ ሆና በእጇ እየጻፈች ሞከረችው፤ ሠራ። ደረቴን ነፍቼ ልነሳ ስል “ቆይ፣ ገና አላየሁትም” አለችኝ።

“ታዲያ እስካሁን ምን ስታደርጊ ነበር?”

“ሳነብ።”

ነገሩ ከአባቷ የመጣ ነው። የኔታ አካለ ወልድ ደብረ ኤልያስ ውስጥ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊ መጀመሪያ ጥቁሩን ይጽፋል፤ ለቅዱሳን ስም ቦታ እየተወ ይሄድና ኋላ በቀይ ይሞላዋል። አንዳንዴ አንዱን ይረሳል። የሚያርመው ሊቅ ደግሞ መጽሐፉን በቃሉ ስለሚያውቀው ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ስሙን ከራሱ ጨምሮ ያነበዋል፤ ጉድለቱም ሳይታወቅ ያልፋል። የኔታ በዚህ አንዴ አፍረዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ካስነበቡ በኋላ አዲሱንና ዋናውን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግተው ልጃቸውን “አታንብቢ፤ ዝም ብለሽ እይ” ይሏት ነበር።

እስከዳርም የእያንዳንዱን ገጽ የትናንቱንና የዛሬውን የስክሪን ፎቶ ጎን ለጎን ደረደረች።

“ወደ ቁይ የሚወስደን መኪና ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው፤ አንቺ ሥዕል ታያለሽ” ብዬ አሾፍኩባት።

“የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” አለችኝ፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። ቆይታ “ቀዩ ወደ ስሙ ተጠግቷል” አለች።

“ክር ብታህል ነው።”

“ስሙ ሲረዝምስ?”

ለካ ኮምፒዩተሩም እሷም የሞከሩት እንደ “ባምላክ ደስታ” ባለ አጭር ስም ነው። የአክስቷን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ጻፈችው፦ ወለተ ሐዋርያት ኪዳነ ማርያም ገብረ ሥላሴ። ስሙ ሁለተኛ መስመር ያዘና ቀዩን እንዳለ ሸፈነው። ፈታሽ ፕሮግራሜን በዚያው ስም ደግሜ ብለቀው አሁንም አረንጓዴ ነው። ማስጠንቀቂያው ከሥር መኖሩን ስለሚያውቅ “አለ” ይላል፤ የሰው ዓይን ይየው አይየው ግን ጉዳዩ አይደለም። ኩም አልኩ። ወለተና ገብረ፣ ኪዳነና አመተ በሞላበት አገር ተወልጄ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ፤ ከማፈሬ በላይ ፈራሁ።

እስከዳር ተነስታ ጋሽ መንበሩ ዘንድ ሄደች።

“ጋሼ፣ የነገው መኪና ይቅር።”

“ቃል ሰጥቻለሁ እኮ፣ ልጄ።”

“ቃልዎ በሁለት ቀን አይሞትም። ሰው ግን በአንድ መርፌ ይሞታል።”

ጋሽ መንበሩ ስልካቸውን አንስተው ይቅርታ ጠየቁ።

በሁለቱ ቀን ስህተቱን አረምኩ። ፍተሻችንንም አዋሃድነው። ኮምፒዩተሩ አጭሩንም ረጅሙንም ስም እየጻፈ ይፈትናል፤ ገጹንም ፎቶ እያነሳ ከፊተኛው ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ያገኘበትን ለእስከዳር ያቀርባል። ልዩነቱ ደግ ይሁን ክፉ የምትፈርደው እሷ ናት፤ የተጠራጠረችውንም በእጇ ትሞክረዋለች።

ቁይ ፕሮግራሙን የተከልኩት እኔ ነኝ። የድሮ ካርዶችን ወደ ኮምፒዩተሩ ከገለበጥን በኋላ፣ ሥራ በጀመረበት ቀን እማማ አመተ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ አሮጊት እያሳላቸው ገቡ። ነርሷ ደስታነሽ መርፌዋን አዘጋጅታ ስክሪኑን አየች። ስማቸው ሁለት መስመር ይዟል፤ ከሥሩ ቀዩ ሙሉውን ይታያል። መርፌዋን መልሳ አስቀመጠችው።

“እማማ፣ ፔኒሲሊን አይስማማዎትም እንዴ?”

“አዎን ልጄ፣ ያን ጊዜ እኮ ታፍኜ ልሞት ነበር። አንቺን ማን ነገረሽ?”

ደስታነሽ ወደ እኔ ጠቆመች። እማማም ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ። ምርቃት እወዳለሁ፤ የሰው ምርቃት መስረቅ ግን አልሆነልኝም።

“እኔ አይደለሁም፣ እማማ” አልኳቸው፤ ኩራቴን መደበቅም አልቻልኩ። “እስከዳር ትባላለች። የብራና ጸሐፊ ልጅ ናት። እሷን ይመርቁልኝ።”