እትዬ ዘነቡና የፕሬዚዳንቱ ካቢኔ

የዜግነት ፈተና ማስተማር የጀመርኩት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ጀርባ፣ በርበሬና ሽሮ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። አሥራ አንድ አዛውንት ተሰብስበው ጠበቁኝ። ከእኔ በፊት የነበረው አስተማሪ ጋርዴና ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አንድ ነጭ ሰሌዳና የጥያቄ ካርዶች ትቶልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሥራ ቀን ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፤ ማዘዝ እንጂ ማስተማር አላውቅም። በርበሬው እያስነጠሰኝ ቀኑ አለፈ።

ሥራው እንዲህ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያመለክታል፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል፣ አንድ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት በእንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። ቢወድቅ አንድ ዕድል ይጨመርለታል። ያኔም ከወደቀ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ተማሪዎቼን የሚያንገላታቸው የፕሬዚዳንቱ ካቢኔ ነበር። ካቢኔው ምን ይሠራል ሲባል «ፕሬዚዳንቱን ያማክራል» ማለት ቀላል ነው። ሁለት የካቢኔ ሹመት ጥቀሱ ሲባል ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለዚህ ክፍሉን ራሱን ካቢኔ አደረግኩት። እኔ ፕሬዚዳንት ሆኜ አጫለሁ፤ የቀሩት ሴኔት ሆነው እጅ በማውጣት ያጸድቃሉ። እውነተኛው አሠራርም ይኸው ነው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩትን ጋሼ ተሰማን ለትራንስፖርት አጨሁ።

«እቃወማለሁ» አሉ ሚስታቸው። «ፍሪዌይ ላይ ድራይቭ ማድረግ ይፈራል!»

በስንት ክርክር ጸደቁ። ጎመንና ጤና አዳም የሚተክሉት እትዬ ዘነቡ ግን ያለ አንድ ተቃውሞ የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። «ሹመት ያዳብር!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

እትዬ ዘነቡ የክፍሉ አንደኛ ነበሩ። ካርዱን ሳያገላብጡ ይመልሳሉ። ከሁሉም በላይ ማለፍ ያለባቸውም እሳቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ያለችው አንድ ልጃቸው ባለትዳር ናት፤ ባለትዳር ልጅን ወደዚህ ለማምጣት ማመልከት የሚችል ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። ለፈተና ስሸኛቸው ቅንጣት ታህል አልሰጋሁም።

ወድቀው መጡ።

«ምን ጠየቀዎት?» አልኳቸው።

«ካቢኔውን።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«አይ ዶንት ኖው አልኩት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝንም ሁሉ አይ ዶንት ኖው አልኩት።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። «ሰው እንዴት የሚያውቀውን አላውቅም ይላል?» ብዬ ጮህኩባቸው። በእናቴ እኩያ ላይ መጮሄ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስሚኝ፤ በወጣትነቴ አንድ ሚኒስትር ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡኝና እዚያ ቤት የሚመጡትን ሹማምንት ቁጠሪ አሉኝ። ያበላኋቸው ሰዎች ናቸው። አላውቅም አልኩ። ሦስት ቀን ጠየቁኝ፣ ሦስት ቀን አላውቅም አልኩ። ይኼም ሰውዬ ከረባቱን አስሮ፣ ፋይሉን ከፍቶ፣ ካቢኔ ሲለኝ አፌ በራሱ ተናገረ።»

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ መልስ ሳስተምር ጠረጴዛ ፊት መቀመጥን ለማንም አላስተማርኩም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱቁ ጠረጴዛ አስገባሁ፣ የሆቴል ኮቴን ለበስኩ፣ ፋይል ያዝኩ። እትዬ ዘነቡን ፊቴ አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው መሬት ወረደ። የባሰ አጠፋሁ ብዬ ተነሣሁና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

«እርስዎ ኦፊሰር ይሁኑ። እኔን ይጠይቁኝ።»

እያቅማሙ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገው ፋይሉን ከፈቱ።

«ካቢኔ። ሁለት» አሉኝ።

«አይ ዶንት ኖው» አልኳቸው፣ ሆን ብዬ።

ካርዱን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«ታውቂያለሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ብትናገሪ ማንም አይጎዳም። ንገሪኝ።»

እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

«ሶ፣ ታዲያ? እየጠበቅኩሽ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያን ወንበር ማን ያስለቅቃቸው! በየቅዳሜው ሁሉንም ጠየቁ፤ ጋሼ ተሰማን ላብ በላብ አደረጓቸው። ከዚያ እኔን ያስቀምጡኝና ቦታ እንለዋወጣለን። መጀመሪያ ቀና ብለው፣ ቆይተው ደግሞ ፈገግ እያሉ ይመልሱልኝ ጀመር።

የሁለተኛው ኢንተርቪው ቀን ከሥራ አስፈቅጄ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። መጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። በሩ ተከፍቶ ሲወጡ ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«ካቢኔውን ጠየቀዎት?»

«ጠየቀኝ። ሁለት በይ ሲለኝ አምስት ቆጠርኩለት። ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይበቃል አለኝ፤ እኔ ግን አላቆምኩም።»

አልፈዋል። እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ለልጃቸው ደወሉ።

አሁን ማስተማሩን ለሌሎች አስረክቤአለሁ። ከሥራዬ የተማርኩት ይኼን ነው፤ ተማሪ አላውቅም ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። በጠያቂው ወንበር አስቀምጡትና ጠብቁት።