የመጨረሻው ማስነሻ

የባለቤቴ ሥራ ኮምፒውተር ማስነሳት ነው ስል ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም እበሽቃለሁ። “ሪስታርት”ን የሚጫን ሁሉ ማሽኑ በራሱ የሚነሳ ይመስለዋል። ከርነል የሚባለው፣ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም ግን ብቻውን አይሆንለትም፤ ሌላውን መለመን አለበት። እሷ የምትጽፈው ልመናውን ነው።

ትናንት እራት ላይ እናቷ፣ “ልጄ፣ የለመነው ሁሉ እምቢ ቢለውስ?” አሏት።

“መጀመሪያ ማዘርቦርዱን ይጠይቃል፣ እማዬ። ዝም ካለው የኪቦርዱን ቺፕ፤ ማስነሻው ሽቦ ከድሮ ጀምሮ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። እሱም ካልሰማው፣ ስህተት ሲፈጠር የት እንደሚኬድ የሚናገረውን ሰንጠረዥ ባዶ ያደርግና ሆን ብሎ ይሳሳታል። ፕሮሰሰሩ መሄጃ ሲያጣ ሁሉን ጥሎ እንደ አዲስ ይነሳል።”

እናቷ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ሳቁ።

“አንቺን ያሳደግኩሽ እንደዚሁ አይደል! ስታለቅሺ እሹሩሩ እልሽ ነበር። እምቢ ስትይ አዝልሻለሁ። እሱም አልሆን ሲለኝ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብዬ እኔው አለቅሳለሁ። ያኔ አንቺ ዝም ትይና በዚያች ትንሽ እጅሽ እንባዬን ትጠርጊልኝ ነበር።”