ውሃ ልለምን ብዬ

ከዲላ ወደ ወንዙ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ የምወደው መኪና ስለማይገባበት ነው። ጎህ ሲቀድ በብስክሌት ስሄድበት ከወንዙ ድምፅ ሌላ የሚሰማ የለም።

ያን ቀን ዳገቱ ላይ ውሃ ጠማኝና የአንድ ቤት በር አንኳኳሁ። የከፈቱት እናት ገና ሲያዩኝ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ።

"ወይኔ ልጄ! ሞያሌ የሄደው ልጄ!"

ለካ በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ እንግዳ መርዶ ነጋሪ ነው! እኔ ሞኙ ይህን እንዴት ረሳሁት?

"እማማ፣ ውሃ ጠምቶኝ ነው!" ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በመጨረሻ አመኑኝና እንባቸውን እየጠረጉ ውሃ ሊያመጡልኝ ገቡ።

ይሄኔ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ደረሱ። አንደኛው ክንዴን ይዘው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

"ጩኸቷን ከታች ሰማን። ማን ቀድሞን ነገራት?"