የሃምሳ አለቃ ሠርካዲስ ይግባኝ

ሃምሳ አለቃ ሠርካዲስ የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት። የካምፑን ወጥ ቤት በምትመራበት ጊዜ ጭልፋዋን የሚደፍር አልነበረም። እጇ ይጣፍጣል፤ ቁጣዋ ግን ከበርበሬዋ ይብስ ነበር።

በፋሲካ ማግስት የካምፑ አዛዥ ሻለቃ ሰልፉን አልፈው ገቡና ከሥጋ ወጡ ሳህናቸውን ሞሉ። ሠርካዲስ ሳህኑን ከእጃቸው ነጥቃ መልሳ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው።

«ጥበቃ ያደሩት ልጆች ገና አልቀመሱም፣ ጌታዬ!»

ልጆቹ ሳቁ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ «ጠባይዋ ለውትድርና አይመችም» ተባለና ከሠራዊቱ ተሰናበተች። «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት እንኳ አልነበረም።

እናቷ ቤት ተመልሳ ንዴቷን በሽንኩርት ላይ ትወጣ ጀመር። የምትከትፈው ብዛት ግቢውን ሁሉ አስለቀሰው። ጎረቤቷ ኢክላስ ዓይኗን እየጠራረገች ከሱቋ መጣች።

«አንቺ ለልደታ ተሳይ፣ እኔም ዱዓ አደርጋለሁ። ግን አንቺ ራስሽ ይግባኝ ካላልሽ ምን ዋጋ አለው?»

ይግባኝ አለች። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የስንብት ውሳኔዎችን የሚመረምር ቦርድ ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው ሸበቶ ኮሎኔል ሻለቃውን ጠየቁ።

«ከሳሿ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ምስክሩስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ውሳኔውን የሰጠውስ?»

ሻለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱም... እኔ።»

«ለመሆኑ ስንት ሆነው ነው የመጡት?» አሉ ኮሎኔሉ።

ሠርካዲስ ከንፈሯን ነከሰች። እዚያ ከሳቀች ሁለተኛ ስንብት እንደሚከተላት አላጣችውም።

ስንብቱ ተሻረ፤ ጉዳዩን ሌሎች መኮንኖች ከሥሩ እንዲያዩት ታዘዘ። እነሱ ልጆቹንም አስጠርተው ሰሙ፤ እሷንም ጠየቋት።

«ሳህን ነጥቀሻል?»

«ነጥቄያለሁ።»

«ወጥ ልብሳቸው ላይ ተረጭቷል?»

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«እስከ ማዕረጋቸው።»

አንደኛው መኮንን ሳሉን አስታኮ ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ለድፍረቷ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ተወሰነ።

ከታክሲ ወርዳ በቀጥታ ወደ ኢክላስ ሱቅ ከነፈች።

«ተቀጣሁ!»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስፈነጥዛል?»

«ጠይቀውኝ ነዋ የቀጡኝ!»

ኢክላስ ግራ ቢገባትም አንድ ለስላሳ ከፈተችላት።